ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በቅደም ተከተል መጠቀም፦ ከፎገራ ማሳ እስከ ወረታ ገበያ

በፎገራ ሜዳ ሥራ የሚመራው በቅደም ተከተል ነው። ሰኔ ሲገባ የሩዝ ማሳ ይዘጋጃል፤ ክረምቱን ሙሉ አረም ይታረማል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ይታጨዳል፤ መሬቱ እርጥበቱን ሳያጣ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል፤ የመስኖ ውኃ ባለበት ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን የዘለለ ወይም ያዘገየ አርሶ አደር ጉዳቱን የሚያየው በዚያው ዕለት ሳይኾን ምርቱን በሚሰበስብበት ጊዜ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስልክ በኩል አንድ አዲስ መሣሪያ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም በተለምዶ "ኤ አይ" የሚባለው ቴክኖሎጂ በአማርኛ ሲጠይቁት በአማርኛ ይመልሳል፤ ደብዳቤ ያረቅቃል፤ ሒሳብ ያደራጃል፤ ረጅም ጽሑፍ ያሳጥራል። ብዙ ሰው ግን የሚጠቀምበት በድንገት ነው። አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ መልሱን ያነባል፤ ይተወዋል። በሌላ ቀን ያንኑ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ሲጠይቅ ሌላ መልስ ያገኛል። የትኛው ትክክል እንደኾነም የሚለይበት መንገድ የለውም።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ሌላኛውን መንገድ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወቅቱ የሚደጋገምን አንድ ሥራ መርጦ፣ ለሥራው ቋሚ ቅደም ተከተል ማዘጋጀት፣ በቅደም ተከተሉ ውስጥም ሰው የሚያረጋግጥበትን ቦታ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። መሣሪያው ጥቅም የሚሰጠው በዚህ መልኩ ሲያዝ ነው። ያለ ማረጋገጫ ከተያዘ ግን አንድ የተሳሳተ የማዳበሪያ ወይም የኬሚካል መጠን የአንድ ቤተሰብን የዓመት ልፋት ሊያበላሽ ይችላል።

መሣሪያው ምን ያውቃል? ምን አያውቅም?

ቻትጂፒቲ የተባለው የውይይት መተግበሪያ ለሕዝብ ክፍት የኾነው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በኋላ ጀሚናይ፣ ክላውድና ሌሎችም ተከትለዋል። የሁሉም አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነቡ ይደረጋል፤ ከዚያም በቀረበላቸው ጥያቄ ላይ ተመሥርተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። ስለዚህ መልሳቸው ሁልጊዜ የተስተካከለና በራስ መተማመን የተሞላ ይመስላል። የአነጋገር ማማር ግን የመልስ ትክክለኛነት ማረጋገጫ አይደለም።

የፎገራ ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በኢንተርኔት ላይ በአማርኛ የተጻፈው ነገር ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ስለ ፎገራ የሩዝ ዝርያዎች፣ ስለ ጉማራና ርብ ወንዞች ጠባይ፣ ስለ ወረታ ገበያ የተጻፈው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚህም ምክንያት መሣሪያው ስለ ሩዝ በአጠቃላይ ሲጠየቅ ከእስያ አገራት ልምድ የተወሰደ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ያ መልስ ለዚያ አገር ትክክል ኾኖ ለፎገራ ጥቁር አፈር የማይስማማ ሊኾን ይችላል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ይገኛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጎበዝ የሚኾነው እርስዎ የሰጡትን መረጃ በማደራጀት፣ በማሳጠር፣ በመደመርና በመልክ በማስቀመጥ ነው። ደካማ የሚኾነው ደግሞ እርስዎ ያልሰጡትን የአካባቢ መረጃ ከራሱ እንዲያመጣ ሲጠየቅ ነው። ጥሩ የሥራ ቅደም ተከተል የመጀመሪያውን ችሎታ ይጠቀማል፤ ከሁለተኛው ድክመት ይጠበቃል።

ቀድሞ የነበረ ትምህርት፦ 8028

ለእርሻ የሚኾን ምክር በስልክ መስጠት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ በግብርና ሚኒስቴርና በአጋሮቻቸው በ2006 ዓ.ም የተጀመረው 8028 የተባለው ነጻ የስልክ መስመር አርሶ አደሩ በቋንቋው ቁጥር እየተጫነ ምክር እንዲሰማ አድርጎ ነበር። ደዋዩ መጀመሪያ ቋንቋውን ይመርጣል፤ ቀጥሎ የሰብሉን ዓይነት ይመርጣል፤ ከዚያም ከመሬት ዝግጅት እስከ ድኅረ ምርት አያያዝ ድረስ የሚፈልገውን የሥራ ደረጃ ይመርጣል። የሚሰማው ድምፅ ባለሙያዎች አስቀድመው ያዘጋጁትና የተቀረጸ ነው።

ይህ መስመር ኢንተርኔትም ኾነ ዘመናዊ ስልክ አላስፈለገውም። ተፈላጊ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይቀርባል። ሁለተኛ፣ መልሱ የሚመጣው ባለሙያ ካረጋገጠው ይዘት ነው።

ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ አገራት ያስተዋወቀው "ፋርመር ቻት" የተሰኘ መተግበሪያም ይህንኑ መርሕ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አምጥቶታል። መተግበሪያው ለጥያቄ መልስ ሲሰጥ ከተመረጡና ከተፈተሹ የግብርና ኤክስቴንሽን ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ላይ እንዲመሠረት ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የመልሱን ጥራት የሚወስነው የምንጩ ጥራት ነው። ይህን አሠራር አንድ አርሶ አደር፣ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም አንድ ነጋዴ በራሱ አቅም ሊከተለው ይችላል።

አራቱ የቅደም ተከተሉ ክፍሎች

የሚደጋገም የሥራ ቅደም ተከተል አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ግብዓት፣ ትእዛዝ፣ ማረጋገጫና መዝገብ ናቸው።

ግብዓት ማለት ለመሣሪያው የሚሰጠው መረጃ ነው። በየጊዜው አንድ ዓይነት መኾን አለበት። የወጪ መዝገብ ከኾነ ቀኑ፣ የወጪው ዓይነት፣ መጠኑና ዋጋው ሳይቀሩ ይጻፋሉ። ዛሬ በኪሎ፣ ነገ በኩንታል፣ ከነገ ወዲያ በማዳበሪያ ከረጢት ከተጻፈ ድምሩ ትርጉም አይኖረውም።

ትእዛዝ ማለት መሣሪያው በመረጃው ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይጻፋል፤ ሲሠራ ከታየ በኋላ በስልክ ማስታወሻ ወይም በቴሌግራም "የተቀመጡ መልእክቶች" ውስጥ ይቀመጣል፤ በየጊዜው ሳይቀየር ይገለበጣል። በትእዛዙ ውስጥ የሚፈቀደው ብቻ ሳይኾን የማይፈቀደውም ይገለጻል።

ማረጋገጫ ማለት ውጤቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሰው የሚያየው ነጥብ ነው። ማን እንደሚያረጋግጥ፣ ምን እንደሚያይ፣ ስሕተት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይወሰናል። ማረጋገጫ የሌለው ቅደም ተከተል ስሕተቱንም አብሮ የሚደጋግም ነውና ከድንገተኛ ጥያቄ የባሰ ይኾናል።

መዝገብ ማለት ውጤቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ደብተር ሊኾን ይችላል፤ የስልክ ፋይልም ሊኾን ይችላል። የዚህን ወር ካለፈው ወር፣ የዘንድሮን ከአምና ማነጻጸር የሚቻለው መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው።

ምሳሌ አንድ፦ የሽንኩርት ወጪ መዝገብ

በበጋ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ገበያ ላይ ሲደርስ የሚገጥመው ዋና ጥያቄ "በስንት ብሸጥ ነው የማልከስረው?" የሚል ነው። ዋጋውን ደላላ ሲጠራ መልሱን በቃል ማስላት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከተከላው ዕለት ይጀምራል።

አርሶ አደሩ ወይም በቤት ውስጥ ያለ ተማሪ ልጅ እያንዳንዱን ወጪ በደብተር ይመዘግባል። በሳምንት አንድ ቀን የሳምንቱን ወጪ በስልክ ጽፎ ከሚከተለው ትእዛዝ ጋር ያቀርባል፦

"የምሰጥህን የወጪ ዝርዝር ብቻ ተጠቀም። እኔ ያልሰጠሁህን ቁጥር አትጨምር፤ አትገምት። ወጪውን በዘር፣ በማዳበሪያ፣ በኬሚካል፣ በነዳጅና በጉልበት ለይተህ በሠንጠረዥ አስቀምጥ። የየዓይነቱን ድምርና ጠቅላላ ድምሩን አሳይ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍ። ግልጽ ያልኾነ ነገር ካለ ከማስላትህ በፊት ጠይቀኝ።"

ለስሌት ማሳያ ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። በግማሽ ሄክታር ላይ ለዘር 9,000፣ ለማዳበሪያ 8,500፣ ለውኃ መሳቢያ ነዳጅ 6,000፣ ለቀን ሠራተኛ 12,000፣ ለኬሚካል 4,500 ብር ወጣ እንበል። ድምሩ 40,000 ብር ይኾናል። የሚጠበቀው ምርት 80 ኩንታል ወይም 8,000 ኪሎ ግራም ቢኾን አርሶ አደሩ የማይከስርበት ዝቅተኛ ዋጋ በኪሎ 5 ብር ነው። ነገር ግን ከምርቱ 10 በመቶው በመበስበስ ቢጠፋ ለሽያጭ የሚቀርበው 7,200 ኪሎ ይኾናል፤ ዝቅተኛው ዋጋም ወደ 5 ብር ከ56 ሳንቲም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመጨረሻውን ድምር በስልኩ የሒሳብ ማሽን እንደገና መደመር ያስፈልጋል። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ቃል ለመገመት እንጂ በዋናነት ለመደመር ባለመኾኑ ረጅም ዝርዝር ሲበዛባቸው ቁጥር ሊዘልሉ ይችላሉ። የሁለት ደቂቃ ፍተሻ ይህን ይይዛል። ከዚያም ድምሩ በደብተሩ ላይ ይጻፋል። አርሶ አደሩ ከነጋዴ ጋር ሲነጋገር በእጁ ያለው ግምት ሳይኾን የተመዘገበ ቁጥር ይኾናል።

ምሳሌ ሁለት፦ የሩዝ መፈልፈያ የዕለት ሒሳብ

በደርግ ዘመን ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲገባ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አስተዋጽኦ ነበራቸው። ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ለሌላ ሰብል ችግር የነበረውን ያህል ለሩዝ ምቹ ኾነ። ዛሬ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ የሚያመራው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የምትገኝ የሩዝ ገበያ ናት። በከተማዋም የሩዝ መፈልፈያዎች ይሠራሉ።

በአንድ መፈልፈያ ውስጥ በየቀኑ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የገባው ያልተፈለፈለ ሩዝና የወጣው የተፈለፈለ ሩዝ። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የምርታማነት መጠኑ ይገኛል። ለምሳሌ ሰኞ 20 ኩንታል ገብቶ 13 ኩንታል ከወጣ መጠኑ 65 በመቶ ነው። ሐሙስ 20 ኩንታል ገብቶ 12 ኩንታል ብቻ ከወጣ 60 በመቶ ኾኗል ማለት ነው። በ20 ኩንታል ላይ የ1 ኩንታል ልዩነት ለመፈልፈያው ባለቤትም ለአርሶ አደሩም ትልቅ ነው። ቁጥሩ በየቀኑ ካልተሰላ ግን ልዩነቱ ሳይታወቅ ሳምንታት ያልፋሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሊኾን ይችላል። ሠራተኛው በየምሽቱ ሁለቱን ቁጥሮችና የሩዙን ዝርያ ይመዘግባል። ቅዳሜ የሳምንቱ መዝገብ ለመሣሪያው ይሰጣል። ትእዛዙም "የየቀኑን መጠን በመቶኛ አስላ፤ ከሳምንቱ አማካይ ከ3 በመቶ ነጥብ በላይ ዝቅ ያለውን ቀን ለይተህ አሳይ፤ ምክንያቱን ከራስህ አትናገር" የሚል ይኾናል። የመጨረሻው ሐረግ አስፈላጊ ነው። ምክንያቱን የሚያውቀው ሩዙን በእጁ የነካው ሰው ነው። ምናልባት ሩዙ በሚገባ ሳይደርቅ ገብቶ ይኾናል፤ ለመፈልፈል ተስማሚ የሚባለው እርጥበት 14 በመቶ ገደማ ነው። ምናልባትም የማሽኑ ጎማ አልቆ ወይም አስተካከሉ ተዛብቶ ይኾናል። መሣሪያው ቀኑን ያመለክታል፤ ሰው ምክንያቱን ይመረምራል።

ምሳሌ ሦስት፦ ከምርምር ጽሑፍ ወደ አርሶ አደሩ ጆሮ

በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ስለ ሩዝ ዝርያና አመራረት ምርምር ያካሂዳል፤ ሥልጠናም ይሰጣል። የዚህ ዓይነት ተቋም የሚያወጣው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ረጅምና ሙያዊ ነው። የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ይህን ጽሑፍ ወደ አጭር መልእክት መለወጥ በየወቅቱ የሚደጋገም ሥራው ነው።

ለዚህ ሥራ ቅደም ተከተሉ ጥብቅ መኾን አለበት። ባለሙያው ከጽሑፉ ለወቅቱ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ለመሣሪያው ይሰጣል። ትእዛዙ "ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ምንም አትጨምር፤ በአምስት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አርሶ አደር በሚረዳው አማርኛ ጻፍ፤ ቁጥሮችንና የዝርያ ስሞችን በጽሑፉ ላይ እንዳሉ አስቀምጥ" ይላል። ከዚያም ባለሙያው መልእክቱን ከዋናው ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ቁጥር በቁጥር ያስተያያል። እንደ ኤክስ ጅግናና ሻጋ ያሉ የዝርያ ስሞችን መሣሪያው ላያውቃቸው ስለሚችል "ስሕተት መስሎት" ሊያርማቸው ይሞክራል። ስለዚህ ስሞቹ በተለይ ይታያሉ። መልእክቱ ከተረጋገጠ በኋላ በድምፅ ተቀርጾ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎችም ሊደርስ ይችላል።

የማዳበሪያ መጠን ላይ አንድ ግልጽ አደጋ አለ። ምርምር ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ናይትሮጅን ንጥረ ነገር መጠን ነው፤ አርሶ አደሩ የሚገዛው ግን ዩሪያ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ በአንድ ጽሑፍ ላይ "69 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን" ተብሎ የተጻፈ መጠን ሙሉ በሙሉ ከዩሪያ የሚገኝ ከኾነ 150 ኪሎ ግራም ዩሪያ ማለት ነው። መሣሪያው "69 ኪሎ ዩሪያ" ብሎ ቢያሳጥረው አርሶ አደሩ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ይጨምራል። በተቃራኒው "150 ኪሎ ናይትሮጅን" ተብሎ ቢጻፍ ከእጥፍ በላይ ኾኖ ገንዘብም ሰብልም ይጎዳል። አንድ ቃል መለዋወጡ ይህን ያህል ያመጣል። ይህ ቁጥር የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የቀረበ ነው፤ ለየማሳው የሚስማማውን መጠን የሚወስነው የአካባቢው የግብርና ባለሙያ ነው።

ምሳሌ አራት፦ የዕድር ቃለ ጉባኤና የከተማ ጉዳይ

ለከተማ ነዋሪም ተመሳሳይ ዕድል አለ። የዕድር ጸሐፊ በየወሩ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፤ ያልከፈሉትን ይለያል፤ ማስታወቂያ ያዘጋጃል። ሥራው በየወሩ አንድ ዓይነት ስለኾነ ለቅደም ተከተል ይመቻል። ጸሐፊው በስብሰባው ላይ በአጭሩ የያዘውን ማስታወሻ ይሰጣል፤ መሣሪያው በተለመደው የቃለ ጉባኤ ቅርጽ፣ ቀን፣ የተገኙ አባላት ብዛት፣ የተነሡ ጉዳዮች፣ የተወሰኑ ውሳኔዎች በሚል ያደራጀዋል። ማረጋገጫው ዳኛውና ሁለት አባላት አንብበው መፈረማቸው ነው። ቃለ ጉባኤውን ሕጋዊ የሚያደርገው የሰዎቹ ፊርማ እንጂ የጽሑፉ ማማር አይደለም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻም እንዲሁ ነው። የጉዳዩ ዓይነት፣ የሚጠየቀው ነገርና የተያያዙ ማስረጃዎች ዝርዝር በቋሚ ቅርጽ ከተዘጋጁ ቀጣዩ ማመልከቻ ከባዶ አይጀምርም። ነገር ግን መሣሪያው የሕግ አንቀጽ ቁጥር ወይም የመመሪያ ስም ከራሱ ጨምሮ ከኾነ ይሰረዝ። የሌለ አንቀጽ ጠቅሶ መቅረብ ባለጉዳዩን ይጎዳዋል።

የአገራችን ልዩ ወጥመዶች

በሌላ አገር የተሠራ መሣሪያ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ሲውል በሦስት ነገሮች ይሳሳታል። እነዚህም በእያንዳንዱ ቅደም ተከተል ውስጥ የማረጋገጫ ነጥብ ሊኾኑ ይገባል።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ፈረንጆች "ጁን 15" የሚሉት ቀን በእኛ ሰኔ 8 ነው። መሣሪያው የወሩን ስም ብቻ ተርጉሞ "ሰኔ 15" ብሎ ቢያስቀምጠው በመዝሪያ ጊዜ ላይ የአንድ ሳምንት ልዩነት ይመጣል። ዓመቱም በ7 ወይም በ8 ይለያያል። ስለዚህ በትእዛዙ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን ከመግለጽ በተጨማሪ ቀኑን በቤት ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በእነርሱ 8 ሰዓት ነው። የስብሰባ ጥሪ ወይም የጭነት መኪና ቀጠሮ በመሣሪያ ሲጻፍ "ከጠዋቱ" እና "ከቀኑ" የሚሉት ቃላት ሳይቀሩ መጻፋቸው መታየት አለበት።

ሦስተኛው የመለኪያ አሃድ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ግራም መኾኑን መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ያውቃሉ። ጥማድ ግን በብዙ ቦታ አራቱ አንድ ሄክታር ተደርጎ ቢቆጠርም በየአካባቢው ሊለያይ የሚችል ነው። ስለዚህ ግብዓቱ በሄክታር ቢጻፍ ይመረጣል፤ ካልኾነም በትእዛዙ መጀመሪያ "አንድ ጥማድ ይህን ያህል ሄክታር ነው" ተብሎ ይገለጽ።

ለመሣሪያው የማይሰጡና ከመሣሪያው የማይወሰዱ

ከመሣሪያው በቀጥታ መወሰድ የሌለባቸው ውሳኔዎች አሉ። የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል መጠንና አቀላቀል፣ የከብት መድኃኒት፣ የሰው ሕክምና እንዲሁም የብድር ውል በባለሙያ ብቻ ይወሰናሉ። የኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተለጠፈው መመሪያና የግብርና ባለሙያው ቃል ከየትኛውም መተግበሪያ መልስ ይቀድማሉ። ለታመመ የፎገራ ከብት የሚጠራውም የእንስሳት ሐኪም ነው። መሣሪያው እዚህ ላይ ሊያግዝ የሚችለው ለባለሙያው የሚነገረውን ምልክት፣ ቀንና የታየውን ለውጥ በሥርዓት በማደራጀት ነው።

ለመሣሪያው መሰጠት የሌለባቸው መረጃዎችም አሉ። የሰው ሙሉ ስም ከስልክ ቁጥር ጋር፣ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቴሌብር የምሥጢር ቁጥር፣ የአባላት የጤና ወይም የዕዳ ዝርዝር ወደ ሕዝብ መተግበሪያ አይገቡም። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ የሌላን ሰው መረጃ የሚይዝ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ኃላፊነት አለበት። በቅደም ተከተሉ ላይ ቀላሉ መፍትሔ በስም ፋንታ ቁጥር መጠቀም ነው። "አባል 14" ተብሎ ይገባል፤ ስሙ በደብተሩ ላይ ብቻ ይቀራል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

ኢንተርኔት በሌለበት ወይም መብራት በጠፋበት ቀን ሥራው የሚቆም ከኾነ ቅደም ተከተሉ በሚገባ አልተዘጋጀም። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ ሁልጊዜ ወረቀት ይኹን። በደብተሩ ላይ የተሰመሩት ዓምዶች ለመሣሪያው ከሚሰጡት ጋር አንድ ዓይነት ቢኾኑ ኢንተርኔት ሲመጣ መገልበጥ ብቻ ይቀራል፤ ባይመጣም ድምሩን በእጅ መሥራት ይቻላል። በእርግጥ የዚህ ሁሉ አሠራር ግማሹ ጥቅም የሚገኘው ከደብተሩ ራሱ ነው። በየዕለቱ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚመዘግብ ሰው መሣሪያው ባይኖርም ከማይመዘግበው ይሻላል።

ዘመናዊ ስልክ የሌለው አርሶ አደርም ከዚህ አይገለልም። በአንድ የልማት ቡድን ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ አንድ ስልክና አንድ የሠለጠነ ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሁሉንም መዝገብ ሊያደራጅ ይችላል። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርትንም ያካተተ በመኾኑ በየቤቱ ያሉ ወጣቶች ይህን ኃላፊነት ለመውሰድ ሊዘጋጁበት ይችላሉ።

ከየት ይጀመር?

በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ መጀመር አይመከርም። አንድ ሥራ ይመረጥ፤ በየሳምንቱ የሚደጋገም፣ ስሕተቱ ቶሎ የሚታይ፣ ጉዳቱም የማይከብድ ይኹን። የወጪ መዝገብ ለዚህ ጥሩ ነው፤ የኬሚካል ምክር ግን ለመጀመሪያ አይኾንም።

ትእዛዙ ከተጻፈ በኋላ መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ጉዳይ ይፈተን። የአምናው የሽንኩርት ወጪ ድምር በእጅ ተሠልቶ ካለ ያንኑ ዝርዝር ለመሣሪያው መስጠትና ሁለቱን ድምሮች ማስተያየት ነው። ከተለያዩ ትእዛዙ ይስተካከልና እንደገና ይፈተን። ቀጥሎ ለአራት ሳምንታት ያለ ለውጥ ይሠራበት። በየሳምንቱም ሁለት ነገሮች በደብተሩ ጠርዝ ይጻፉ፤ ሥራው የወሰደው ጊዜና በማረጋገጫው የተገኘው ስሕተት ብዛት።

ከአራት ሳምንት በኋላ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ፍርዱን ይሰጣሉ። ጊዜው ካነሰና ስሕተቱ እየቀነሰ ከሄደ ቅደም ተከተሉ ይቀጥል፤ ለሁለተኛ ሥራም ይስፋፋ። ጊዜው ካላነሰ ወይም ስሕተቱ ከበዛ ያለ ቁጭት ይተው። መሣሪያው አዲስ ስለኾነ ብቻ መጠቀም ግዴታ አይደለም። የፎገራ አርሶ አደር አዲስ ዝርያ ሲመጣ ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጠውም፤ በጥቂት መሬት ላይ ዘርቶ አዝመራውን አይቶ ነው የሚወስነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚገባው ፈተና ይኸው ነው።